የባሕር ዳርን ሩጫ በነፃ ፎቶ ለማንሳት ለተነሳችሁ

በነፃ የሩጫ ፎቶ ማንሳት ሲያስቡት ቀላል ነው። ካሜራ አለ፣ ቀኑ እሑድ ነው፣ መንገዱ ዝግ ነው። እኛም አራት ሆነን እንዲሁ ብለን ነው የገባንበት። ከንጋት እስከ ቀትር ስናነሳ ዋልን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ወር ግን «ፎቶዬስ?» የሚለንን ሰው በየመንገዱ ስንሸሽ ከረምን። ፎቶው ጠፍቶ አይደለም፤ አለ። ከ4 ሺህ ፎቶ መካከል የትኛው የማን እንደሆነ ግን እኛም አናውቅም ነበር። ባለቤቱ ያላገኘው ፎቶ ደግሞ በነፃ ተሰጠ አይባልም። ይህን የምጽፈው ባሕር ዳርም ይሁን ሌላ ከተማ፣ ለማራቶንም ይሁን ለ10 ኪሎ ሜትር፣ ካሜራ ይዛችሁ ልትወጡ ላሰባችሁ ነው። የእኛን ስሕተት ዝለሉና የራሳችሁን ሥሩ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሌንስም የቦታም አልነበረም፤ የሰዓት ነበር። አንዱ ካሜራ በሀበሻ ሰዓት 1፡15 ይላል፣ ሌላው በፈረንጅ 7፡15። ሦስተኛው ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶበት ፎቶዎቹ ከስምንት ዓመት በፊት የተነሱ ሆነው ተመዘገቡ። የአራተኛው ደግሞ ባትሪው ወጥቶ ብዙ ስለቆየ ቀኑ ከፋብሪካ ወደ መጣበት ተመልሷል። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ከተን በሰዓት ስንደረድራቸው አሸናፊው ከመነሻው ተኩስ በፊት ሲገባ አየነው።

ስለዚህ ዋዜማው ማታ ካሜራው ሁሉ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይሞላ፤ ካሜራ የሀበሻ ሰዓት አያውቅም፣ ማስተማርም አይቻልም። ጠዋት ከመለያየታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ስልክ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ከፍቶ መሐል ይያዝና ሁላችሁም አንሱት። ጥቅሙ ይህ ነው፦ ፎቶው 6፡10፡04 ተብሎ ከተመዘገበና ፎቶው ውስጥ የሚታየው የስልኩ ሰዓት 6፡09፡51 ከሆነ ያ ካሜራ 13 ሰከንድ ይቀድማል። ማታ ዲጂካምን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ከዚያ ካሜራ ፎቶዎች ሁሉ ላይ 13 ሰከንድ በአንድ ጊዜ ትቀንሳላችሁ። አንድ ደቂቃ የማትፈጅ ሥራ ናት፣ የሚረሳትም ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ የደረት ቁጥሩ የተሸፈነ ሯጭ እንኳ ይገኛል። ሩጫው በሀበሻ 1 ሰዓት ላይ ተጀምሮ ሰውየው በ4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከጨረሰ፣ የገባው 5፡12 ላይ ነው። መድረሻው ላይ የቆመው ካሜራ 11፡12 ብሎ የመዘገባቸውን መክፈት ብቻ ነው። መሐል መንገድም ላይ ይሠራል። 42.195 ኪሎ ሜትሩን በዚያ ሰዓት የጨረሰ ሰው አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ገደማ ሮጦታል ማለት ስለሆነ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የደረሰው 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ብዙ ሰው መጨረሻው ላይ ስለሚደክም ከስሌቱ 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ፈልጉ።

ከሩጫው በፊት ባሉት ቀናት መጨረስ ያለባቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። ባትሪ ዋዜማው ማታ ቻርጅ አይደረግም፤ መብራት የሚጠፋው ያን ዕለት ነው። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሙሉትና ዋዜማው ላይ ማረጋገጥ ብቻ ይቅር። መስታወት አልባ የሚባሉት አዳዲሶቹ ካሜራዎች ባትሪ ይበላሉ፤ ለማራቶን ቢያንስ ሦስት ያዙ። ሜሞሪ ካርድን ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ ጠርጥሩት። 128 ጂቢ ተብሎ የተሸጠልን አንዱ ካርድ እውነተኛ መጠኑ የዚያ ሩብ እንኳ አልነበረም። ክፋቱ ደግሞ ሲሞላ አለመናገሩ ነው፤ ዝም ብሎ እየጻፈ ይቀጥልና ቤት ስትገቡ ከአንድ ቦታ በኋላ ያለው ፎቶ ሁሉ አይከፈትም። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ውሸቱ እዚያው ይወጣል። ሰዓት ስለሚወስድ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ከአንድ ትልቅ ካርድ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ባለ 32 ጂቢ የተሻለ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ቀኑ ሁሉ አይጠፋም።

ፈቃድ ለነገ አይባልም። ከአዘጋጁ የእያንዳንዳችሁ ስምና የካሜራችሁ ዓይነት የተጻፈበት ማኅተም ያለው ደብዳቤ አስጽፉ፤ ኮፒው በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ይሁን። በተለይ ዓባይ ድልድይ አካባቢ ለመቆም ካሰባችሁ ከጥበቃዎቹ ጋር አንድ ቀን ቀድሞ መተዋወቅ ይበጃል። በሩጫው ሰዓት ትልቅ ሌንስ ይዞ የሚንበረከክ ሰው ቢጠየቅ አይፈረድም። ድሮን ያለ ፈቃድ ከቤትም አታውጡ። አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ፤ ፖሊሱም ሯጩም ከሩቅ ያውቃችኋል። መንገዱ ስለሚዘጋ ባጃጅ አይገኝም። ለባሕር ዳር ልጅ ግን ይህ ችግር አይደለም፤ ብስክሌቱ አለ። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ቦታ የሚዛወር ሰው በብስክሌት፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሂድ።

አሁን ወደ ቦታ ምርጫ። በመጀመሪያው ዓመት ሁላችንም የሐይቁን ዳር ፈለግን። ጣናን ከኋላ አድርጎ ሯጭ ማንሳት፣ ዕድል ከቀናም ከበስተጀርባ ታንኳ ስታልፍ፣ የማይጓጓ ማን አለ? አምሮልናልም። ግን አስቡት፤ ውሃው ከኋላ እንዲሆን ካሜራው ወደ ውሃው መዞር አለበት፣ ሯጩ ደግሞ በዳሩ ትይዩ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ የምታገኙት ጎኑን ነው፤ ፊቱ በግማሽ፣ የደረት ቁጥሩ ጭራሽ አይታይም። እነዚያ ቆንጆ ፎቶዎች እስከ ዛሬ ባለቤት የላቸውም። ከአራት ሰው አንዱ ለውበት ይቁም፣ ሦስቱ ሯጩ ፊት ለፊት የሚመጣበትን ይያዙ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዘንባባው ነው። የከተማችን ጌጥ፣ የፎቶ አንሺ ጠላት። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ስትል የዘንባባው ቅጠል መንገዱ ላይ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ሯጩ ያንን ሲያልፍ አንዱ ዓይኑ ብርሃን ውስጥ ሌላው ጨለማ ውስጥ ይሆናል። ይህን በኋላ በኮምፒዩተር ማስተካከል ከባድ ነው። ወይ ጨርሶ ጥላ የሌለበት፣ ወይ ጨርሶ ጥላ የሆነ ቦታ ምረጡ። ቦታውን ደግሞ በሩጫው ሰዓት፣ ሳምንት ቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ከሰዓት በኋላ ያያችሁት ጥላ ጠዋት ሌላ ቦታ ነው።

ድልድዩ ከሁለቱም ነፃ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሰፊ ነው፣ ጥላ የለውም። ከመሐል ከተማ ወደ ዓባይ ማዶ የሚሻገር ሯጭ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋቷ ፀሐይ በቀጥታ ታበራለታለች፤ ብርሃኑ እንደ ቅቤ ነው። ያው ሯጭ ሲመለስ ግን ፀሐይ ጀርባው ላይ ናት፣ ፊቱ ይጠቁራል። መስመሩ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ ሲሄዱ ድልድዩ ላይ አንሷቸው፤ መልሱን ለሌላ ቦታ ተዉት። መተው ካልቻላችሁ ብርሃኑን አንድ ሙሉ ደረጃ (ካሜራው ላይ +1) ጨምሩና ሰማዩ ይንጣ። ሰው የሚፈልገው ፊቱን ነው።

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ፀሐይዋ ከፍ ትልና ኮፍያ ያደረገ ሰው ሁሉ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል። ያኔ ወደ ጥቅጥቅ ጥላ ግቡ። የትልቅ ዋርካ ሥር ካገኛችሁ ከዚያ አትነሱ።

ማስተካከያው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቁጥሩ ይኸው። የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ። በ1/500 ፊቱ ጥርት ብሎ እጅና እግሩ ይደበዝዛል፤ ከዚያ በታች አትውረዱ። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 4፤ ተያይዘው ለሚመጡ ኤፍ 5.6። ኤፍ 2.8 ላይ በረጅም ሌንስ የፊተኛው ሯጭ ብቻ ጥርት ይላል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ አድርጉና ጣሪያውን 3200 ላይ ገድቡት። ፎከሱ ተከታታይ ይሁን፤ የሚይዘው ቦታም መሐል ላይ ያለ አንድ ነጥብ ወይም ትንሽ ዞን። ሙሉ ስፋቱን ከለቀቃችሁለት የተመልካች ጃንጥላ ላይ ይሄዳል። ሮው (ካሜራው ያላሳነሰውን ጥሬ ፋይል) አታንሱ፤ ጄፔግ ይበቃል። ለ1,500 ሯጭ ሦስት ሦስት ብታነሱ 4,500 ፎቶ ነው፤ በሮው አንዱን 25 ሜጋባይት ብንለው ከ110 ጂቢ ይበልጣል፣ በጄፔግ አንዱ 6 ሜጋባይት ቢሆን 27 ጂቢ። ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ይሠራዋል?

ነጭ ቲሸርት ላይ ተጠንቀቁ። አዘጋጁ ነጭ ካለበሰ ካሜራው ብርሃን በዛብኝ ብሎ ሁሉንም ያጠቁራል፣ የጠይም ሰው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋል። ከሲሶ እስከ ሁለት ሲሶ ደረጃ ጨምሩና የመጀመሪያዎቹን አሥር ፎቶዎች አስጠግታችሁ ፊቱን እዩ፤ የቲሸርቱ ንጣት ትንሽ ቢያመልጥ ግድ የለም። ጥቁር ካለበሰ ተቃራኒውን።

አሁን መንገዱ ዳር ተንበርክካችሁ አንዱ ሯጭ እየመጣ ነው እንበል። ካሜራው በእሱ ደረት ከፍታ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ቆማችሁ ካነሳችሁ ሰውየው ያጥራል፣ ከኋላው ያለው አስፋልት ብቻ ይሆናል። ትንሽ በርጩማ ይዞ መሄድ ጉልበት ያድናል፤ 4 ሰዓት መንበርከክ ቀላል አይደለም። ከ30 ሜትር ጀምራችሁ ፎከስ አስይዙትና ተከተሉት፣ ግን አትጫኑ። 70–200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካላችሁ ከ12 እስከ 15 ሜትር ሲቀርብ፣ ባለ 50 ብቻ ካላችሁ ከ5 እስከ 7 ሜትር፣ ካሜራውን ወደ ቁመቱ አዙራችሁ ሦስት በተከታታይ። ለምን ሦስት? በመጀመሪያው የቀኝ ክንዱ ደረቱን አቋርጦ ከቁጥሩ ሁለት አኃዝ ይሸፍናል። በሁለተኛው ክንዱ ወደ ኋላ ይሄድና ቁጥሩ ሙሉ ይወጣል፤ ዓይኑ ግን ተከድኖ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ለቀዋል፤ ሰው ለፕሮፋይል የሚያደርገው እሱን ነው። ለእያንዳንዱ አምስት ስድስት ካነሳችሁ ግን የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ ሞልቶ ሊቆምና ቀጣዩ ሯጭ ባዶውን ሊያልፍ ይችላል። እኛ አንድ ሙሉ ቡድን ያመለጠን እንዲህ ነው።

ኩርባ ላይ ከቆማችሁ በውጪው በኩል ሁኑ። ሯጭ ኩርባን ከውስጥ ነው የሚቆርጠው፤ ውስጥ የቆመ ፎቶ አንሺ ወይ ይገጫል ወይ ያሰናክላል። ፍላሽ አታብሩ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ መንገድ ላይ አትትከሉ፣ ውሃ ከሚታደልበት ጠረጴዛ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፤ እዚያ ሰው ሁሉ ያጎነብሳል፣ ላስቲኩም ያንሸራትታል።

አዘጋጆቹን ደግሞ አንድ ነገር ለምኑልኝ፦ ቁጥሩ በአራት መርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ይያያዝ። በሁለት ብቻ ከተያዘ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ያጥፈዋል። ጀርባው ላይ የለጠፈም ብዙ አለ።

ማን ቀድሞ እንደሚሄድ ከተነሳ፣ ከአራታችሁ ቢያንስ አንዱ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ መድረሻው ላይ ይቆይ። አሸናፊዎቹን የሚያነሳ ካሜራ ሞልቷል። 5 ሰዓት ሙሉ የሮጠው ሰው ግን ሲገባ ሪባኑ ተነስቷል፣ ሙዚቃው ቆሟል፣ ወንበር እየተሰበሰበ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኛም ምሳ ሄደን ነበር። «ፎቶዬስ?» ካሉን ውስጥ የሚበዙት እነሱ ናቸው።

ማታውን ካርዶቹን ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ሳትገለብጡ ምንም አትሰርዙ፣ ካርዱንም ፎርማት አታድርጉ። ከዚያ መልቀም ነው። የደበዘዘውን ጣሉ፣ ከሦስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን አስቀሩ፣ ቀለም ለማሳመር አትቀመጡ። ፎቶ በሦስት ቀን ካልወጣ ሰው መጠበቅ ያቆማል። የወደቀውን፣ የሚያስመልሰውን፣ ልብሷ የተገለጠባትን አታውጡ፤ ስለዚህ ክርክርም አያስፈልግም። የተረፈውን ረጅሙ ጎኑ 2048 ፒክሰል፣ ጥራቱ 80 በመቶ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ አሳንሱት። አንዱ ፎቶ ከ500 እስከ 700 ኪሎባይት ይሆናል። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ሕትመት የሚያስፈልገው 1181 በ1772 ፒክሰል ስለሆነ ይበቃል። ኤ4 ለሚያሳትም ዋናውን ለብቻው ላኩለት።

የፋይሉ ስም ቦታውንና ሰዓቱን ይያዝ፤ ፊደሉ የእንግሊዝኛ ይሁን። በፊደላችን የጻፍነው ስም በአንዳንድ አሮጌ ዚፕ መክፈቻ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ነው የወጣው። የማካፈሉን ነገር ያበላሸነውም ዚፕ ላይ ነው። በየ500 ፎቶው እያሸግን ቴሌግራም ላይ ጫንን፤ አንዱ እሽግ 300 ሜጋባይት። ሁለት ፎቶ ለማግኘት ሰው ሦስት አራቱን ማውረድ አለበት፣ በሞባይል ፓኬጅ! በቀጣዩ ዓመት ነው የነቃነው። አሁን በፎቶ መልክ አሥር አሥሩን እናወጣለን፣ ከሥሩ «ድልድይ፣ ከ1፡40 እስከ 1፡50» ብለን የሚታዩትን የደረት ቁጥሮች እንጽፋለን። ሰው ቻናሉ ውስጥ ቁጥሩን ሲፈልግ በቀጥታ ይመጣለታል። በሀበሻ ሰዓት ጻፉት፤ ካሜራው ባይገባውም ሯጩ የሚያውቀው እሱን ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ብዙውን ጊዜ ወደ 1280 ፒክሰል ያሳንሰዋል። ለማየትና ለፕሮፋይል ይሆናል፤ ለማሳተም የጠየቀውን ደግሞ በፋይል መልክ ላኩለት፣ እንደዚያ አይነካውም። ቁጥር መጻፉ አሰልቺ ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንዱ እያነበበ አንዱ እየጻፈ፣ ቡና ተፈልቶ።

«በነፃ» ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይቀመጥ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶው የአንሺው ነው፤ ምንም ካልተባለ ሌላ ሰው የመጠቀም መብቱ ግልጽ አይሆንም። እኛ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 የሚባለውን ዝግጁ የአጠቃቀም ፈቃድ መረጥን፦ ስማችንን ጠቅሶ ማንም ይጠቀም፣ ይሽጥም። ፎቶውን አትሞ የሚሸጥ ስቱዲዮ ካናደዳችሁ «ለንግድ አይውልም» የሚል አማራጭ አለ፤ በበኩሌ ሰው ግድግዳው ላይ እስከሰቀለው ድረስ ማን እንዳተመው አያሳስበኝም። ይህን መግለጫ ቻናሉ አናት ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ ፎቶው ውስጥ የተጻፈ መረጃ በፎቶ መልክ ሲላክ ይጠፋል። ስማችሁ ታችኛው ጥግ ላይ በትንሹ ይበቃል፣ ደረቱ ላይ በግዙፉ አትጻፉበት።

ሆኖም ያ ፈቃድ የእናንተን መብት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የሯጩን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ከተደረገ ክንውን ጋር የተያያዘውን ነፃ ያደርጋል። ሩጫው በዚህ ይሸፈናል። የአንዷን ሯጭ ፊት ቆርጦ የሸቀጥ ማስታወቂያ የሚያደርግ ነጋዴ ግን እሷን ይጠይቅ፤ ይህንንም ጻፉት። «አውርዱልኝ» ያለን ሰው ምክንያት ሳትጠይቁ በዚያው ቀን አውርዱለት። የሕፃናትን ወላጅ ሳይፈቅድ አታውጡ።

ፎቶ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ቋሚ መልስ አዘጋጁ፦ የደረት ቁጥር፣ የገባህበት ሰዓት፣ የልብስህ ቀለም። ይህን ካላላችሁ «ሰማያዊ ጫማ ያደረግሁት እኔ ነኝ» የሚል መልእክት ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። ዋናዎቹን ፎቶዎች ቢያንስ አንድ ዓመት አቆዩ፤ በቀጣዩ ሩጫ ዋዜማ የአምናውን የሚጠይቅ አይጠፋም።

ባለፈው ጊዜ የስልኩን ሰዓት ሳያነሳ ወደ ቦታው የሄደ አንድ ሰው ነበር፤ ይህን ሁሉ የምመክረው እኔ። ያዳነኝ ከአጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም ያነሳነውን አንድ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሯጭ ፈለግን። በእሱ ካሜራ 7፡52፡18፣ በእኔ 7፡54፡02። 1 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ከእኔ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ቀንሰን ገባን። እናንተም ከረሳችሁ ቢጫ ኮፍያ ፈልጉ።